ጨርቁ እንዳያጥራችሁ፦ ለኩዊልት ጨርቅ ማስላትና ሳያዛንፉ መቁረጥ

ኩዊልት ባለ ሦስት ድርብ የአልጋ ልብስ ነው። ላዩ ከተገጣጠመ ቁርጥራጭ ጨርቅ ይሠራል፣ መሃሉ ሙሌት አለው፣ ከሥሩ ገበር ይገባለታል። ብዙ ሰው ስፌቱን ፈርቶ ይጀምርና የሚሸነፈው ግን ሌላ ቦታ ነው። ወይ ጨርቁ ሥራው ሳይገባደድ ያልቅበታል፣ ወይ ቁርጥራጮቹ ሲጋጠሙ ማዕዘናቸው አልገናኝ ይለዋል። ሁለቱም ጥፋቶች የሚሠሩት መኪናው ላይ ከመቀመጣችን በፊት ነው።

እኔም ደርሶብኛል። 96 ካሬ ያስፈልገኝ ነበር። በወረቀት ላይ ሳሰላው 130 ሴ.ሜ ጨርቅ በቂ ነበር። ገዛሁ፣ አጠብኩ፣ ቆረጥኩ። 80 ካሬ ብቻ ወጣልኝ። 16ቱን ለማሟላት ስመለስ ያው ጨርቅ አለ፣ ቀለሙ ግን ትንሽ ጠቆር ብሏል፤ ሌላ ዙር የተነከረ ነበር። ስህተቴ የት እንደነበር ደረጃ 3 ላይ ታገኙታላችሁ። እናንተ ላይ እንዲደርስ አልፈልግም።

ከታች ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ አንድ ምሳሌ ይዘን እንሄዳለን። ቁጥሮቹን በራሳችሁ ልክ ተኩና በዚያው ቅደም ተከተል ሥሩ።

ደረጃ 1፦ ልኩን ወስኑ፣ በወረቀት ላይ ሳሉት

ፍራሹን ለኩ። በግራና በቀኝ እንዲወርድ የምትፈልጉትን ጨምሩ። ለምሳሌ ፍራሹ 90 በ190 ሴ.ሜ ቢሆንና በየጎኑ 30 ሴ.ሜ እንዲወርድ ብትፈልጉ ስፋቱ 150 ይሆናል። ርዝመቱ 190 ይቆይ።

አሁን ባለ ካሬ ደብተር ላይ ሳሉት። የእኛ ምሳሌ እንዲህ ነው፦

- መሃሉ 120 በ160 ሴ.ሜ፣ 10 ሴ.ሜ ጎን ባላቸው ካሬዎች
- ዙሪያውን 15 ሴ.ሜ ስፋት ያለው ክፈፍ
- ጠቅላላ 150 በ190

ካሬዎቹ በአግድም 12፣ በቁመት 16 ናቸው። ድምር 192። አንድ ነጣ ያለና አንድ ጠቆር ያለ ጨርቅ እየተፈራረቁ ስለሚገቡ ከእያንዳንዱ 96 ያስፈልጋል። ይህን ቁጥር ከሥዕሉ ላይ በጣታችሁ ቁጠሩት። በማባዛት ብቻ አትመኑት፤ ሥዕሉ ላይ አንድ ረድፍ የዘለለ ሰው ሒሳቡም ይዘልበታል።

ደረጃ 2፦ የስፌት ትርፍ ጨምሩ

በዚህ መመሪያ የስፌት ትርፉ በየጎኑ 0.75 ሴ.ሜ ነው። በስፋትም በቁመትም ሁለት ሁለት ጎን ስለሚሰፋ በእያንዳንዱ ልክ ላይ 1.5 ሴ.ሜ ይጨመራል። ሲያልቅ 10 ሴ.ሜ የሚሆን ካሬ 11.5 ሆኖ ይቆረጣል።

ለግማሽ ካሬ፣ ማለትም ሁለት ሦስት ማዕዘን ገጥመው ካሬ ለሚሆኑት፣ 1.5 አይበቃም። ሰያፉ ስፌት ተጨማሪ ይበላል። ሒሳቡ ወደ 2.6 ሴ.ሜ ይመጣል። እኔ ግን 3 ጨምራችሁ በ13 ቁረጡ እላለሁ። ሁለቱን ካሬዎች ፊት ለፊት አጋጥሙ፣ ከማዕዘን ማዕዘን አስምሩ፣ ከመስመሩ በሁለቱም በኩል 0.75 ርቃችሁ ስፉ፣ መስመሩ ላይ ቁረጡ። ሁለት ግማሽ ካሬ ይወጣል። ከተኮሳችሁ በኋላ እያንዳንዱን ወደ 11.5 አስተካክሉ። ትንሽ ጨርቅ ይባክናል፤ ማዕዘኑ ግን ቀጥ ይላል።

አንዴ የመረጣችሁትን የስፌት ትርፍ እስከ መጨረሻው አትቀይሩ።

ደረጃ 3፦ የጨርቁን እውነተኛ ስፋት እወቁ

አብዛኛው ሰው የሚሳሳተው እዚህ ነው። ጨርቁ ላይ 110 ሴ.ሜ ተጽፎ ታያላችሁ። ያ ሁሉ ለሥራ አይውልም።

1. ሁለቱ ጠንካራ ዳሮች ይወገዳሉ። በሽመናው ጠበቅ ያሉ ስለሆኑ ኩዊልት ውስጥ ከገቡ አካባቢያቸውን ይሰበስቡታል። በየጎኑ 1.5 ሴ.ሜ ቁጠሩ። 107 ቀረ።
2. ጥጥ ሲታጠብ ይሰበሰባል፤ ከ3 እስከ 5 በመቶ ያዙለት። 107ቱ ወደ 102 ይወርዳል።

ስለዚህ 110 ለተባለ ጨርቅ በ102 አስሉ።

አሁን የእኔን ጥፋት ተመልከቱ። 110ን ለ11.5 አካፈልኩ፣ 9 ካሬ በአንድ ረድፍ አልኩ። 9 ካሬ የሚፈልገው 103.5 ሴ.ሜ ነው። ታጥቦ ሲለካ 103 ሆነ። ግማሽ ሴንቲ ሜትር! በዚያች ግማሽ ሴንቲ የተነሳ ከእያንዳንዱ ረድፍ አንድ ካሬ አጣሁ። ርዝመቱም ስለተሰበሰበ የመጨረሻው ረድፍ ራሱ አልወጣም።

ደረጃ 4፦ በጥብጣብ አስሉ

ከዳር እስከ ዳር የሚቆረጠውን ረጅም ቁራጭ ጥብጣብ እንበለው። ስሌቱ አራት መስመር ነው፦

1. 102 ÷ 11.5 = 8.87። ሁልጊዜ ወደ ታች አጠጋጉ። በአንድ ጥብጣብ 8 ካሬ።
2. 96 ÷ 8 = 12 ጥብጣብ። እዚህ ቁራሽ ቁጥር ከመጣ ወደ ላይ አጠጋጉ።
3. 12 × 11.5 = 138 ሴ.ሜ።
4. ርዝመቱም ስለሚሰበሰብ በ1.05 አባዙ፦ 144.9። ጫፉን ለማቅናትና ለአንድ የተበላሸ ጥብጣብ 15 ሴ.ሜ ጨምሩ። 160 ሴ.ሜ ግዙ።

ለሁለቱም ቀለሞች ያው ነው፤ 160 እና 160።

የካሬዎቹን የቆዳ ስፋት (ጎን በጎን ተባዝቶ) ደምሮ ለጨርቁ ወርድ ማካፈል ፈጣን መንገድ ይመስላል። አትሞክሩት። በዚያ መንገድ ለ96 ካሬ 125 ሴ.ሜ ያህል ይወጣል፤ 13 ሴ.ሜ ይጎድላል ማለት ነው። ከጥብጣቡ ጫፍ የምትተርፈው 10 ሴ.ሜ ቁራጭ በቆዳ ስፋት ስትደመር ጨርቅ ናት፣ ካሬ ግን አትወጣትም።

ጨርቁ ላይ ያለው ሥዕል ወደ አንድ አቅጣጫ ብቻ የሚታይ ከሆነ፣ ለምሳሌ የቆሙ አበቦች ወይም መስመር፣ አዟዙራችሁ መቁረጥ አትችሉም። አንድ ወይም ሁለት ጥብጣብ ጨምሩለት።

ደረጃ 5፦ ክፈፉና ጠርዙ

ክፈፉ ሲያልቅ 15 ስለሚሆን በ16.5 ይቆረጣል። ጎኖቹ 161.5 ሴ.ሜ ርዝመት ይፈልጋሉ። የላይና የታቹ ጎኖቹ ከተሰፉ በኋላ ስለሚገቡ 151.5 ናቸው።

ሁለት አማራጭ አለ። በስፋቱ፣ ማለትም በማጉ አቅጣጫ፣ ብትቆርጡ አራቱ ጎኖች 626 ሴ.ሜ ስለሆኑ 7 ጥብጣብ ያስፈልጋል፤ 115.5 ሴ.ሜ። ለጠርዙ፣ ማለትም የኩዊልቱን ጫፍ ዙሪያውን ለሚሸፍነው ቀጭን ጥብጣብ፣ ደግሞ ዙሪያው 680 ነው፣ ለማዕዘንና ለመጋጠሚያ 30 ጨምሩ፣ 710። በ6 ሴ.ሜ ስፋት 7 ጥብጣብ ለጥቂት ብቻ ስለሚበቃ 8 ያዙ፤ 48 ሴ.ሜ። ሁለቱ ተደምረው ከጭማሪው ጋር 190 ሴ.ሜ ያህል ትገዛላችሁ።

በርዝመቱ፣ በድሩ አቅጣጫ፣ ብትቆርጡስ? 161.5 × 1.05 + 15 = 185 ሴ.ሜ። አራቱ የክፈፍ ቁራጮች ጎን ለጎን 66 ሴ.ሜ ይይዛሉ። ከ102 ላይ 36 ይተርፋል። ከዚያው ላይ በ6 ሴ.ሜ አምስት ረጃጅም ጥብጣብ ለጠርዝ ይወጣል፣ 800 ሴ.ሜ ያህል።

እኔ ሁልጊዜ ሁለተኛውን እመርጣለሁ። ጨርቁ ያንሳል፣ ክፈፉ መሃል ላይ ስፌት አይኖረውም። ከሁሉ በላይ ድሩ ከማጉ ያነሰ ስለሚለጠጥ ጠርዙ አይሞገድም።

ማስጠንቀቂያ፦ ክፈፉን ከታጠበ በኋላ፣ ደረጃ 9 ላይ፣ በ165 ቁረጡና አስቀምጡ። የመጨረሻውን ልክ የምትቆርጡት መሃሉ ተሰፍቶ ካለቀ በኋላ ነው። መሃሉን ሦስት ቦታ ለኩ፤ በሁለቱ ጫፍና በመሃል። አማካዩን ወስዳችሁ በዚያ ቁረጡ። ክፈፉን ሳይለኩ እያስተኙ እየሰፉ ጫፍ ላይ መቁረጥ ኩዊልቱን እንደ ቀሚስ ዘርፍ ያሞግደዋል።

ደረጃ 6፦ ገበርና ሙሌት

ሁለቱም ከላዩ ድርብ በየጎኑ 10 ሴ.ሜ መብለጥ አለባቸው። ድርቦቹ አንድ ላይ ሲሰፉ ይሰበሰባሉ፣ ይንሸራተታሉም። ስለዚህ 170 በ210።

102 ስፋት ባለው ጨርቅ ሁለት ቁራጭ መጋጠም ግድ ነው። እያንዳንዱ 210 ርዝመት፣ በድምሩ 420። ከጭማሪው ጋር 460 ሴ.ሜ ግዙ። ቁጥሩ ብዙ ሰው ያስደነግጣል። ቁራጮቹን በአግድም አድርጎ 170፣ 170 መቁረጥ ይቻላል፤ ግን ቁመቱ ተጋጥሞ 201.5 ነው የሚሆነው፣ በየጫፉ ትርፉ 6 ሴ.ሜ እንኳ አይሞላም። ከተራረፈ ጨርቅ 12 ሴ.ሜ ስፋት ያለው ቁራጭ መሃል ላይ ካስገባችሁ 211 ይደርሳል፣ 375 ሴ.ሜ ብቻ ትገዛላችሁ። የገበሩን ዳሮች ቆርጣችሁ ማስወገድ አትርሱ፤ የገበር መጋጠሚያ ትርፉ 1.25 ሴ.ሜ ይሁን።

ሒሳባችሁን በሙሉ ይዛችሁ ሂዱና ሁሉንም በአንድ ጊዜ፣ ከአንድ ጥቅል አስቆርጡ።

ደረጃ 7፦ አጥባችሁ ተኩሱ

1. ቀለሙን ፈትኑ። ነጭ ጨርቅ አርጥባችሁ ጥግ ላይ እሹበት። ከለቀቀ ለብቻው እጠቡት።
2. የተቆረጠውን ጫፍ በዚግዛግ ስፉት፤ አለበለዚያ ክሩ እየተተረተረ ይጠላለፋል።
3. ወይ ሁሉንም እጠቡ፣ ወይ ምንም አትጠቡ። የታጠበና ያልታጠበ አንድ ላይ ከገባ በመጀመሪያው እጥበት አንዱ ይሰበሰባል፣ ሌላው ያብጣል።
4. ትንሽ እርጥበት እያለው ተኩሱት። ካውያውን እያነሳችሁ አስቀምጡ እንጂ አትግፉት፤ መግፋት ጨርቁን በሰያፍ ይለጥጠዋል።
5. ቀጭን አሚዶ ረጭታችሁ ድገሙት። የሚለመጠው ጨርቅ እንደ ወረቀት ቀጥ ሲል መቁረጡ ምን ያህል እንደሚቀል ታያላችሁ።

ደረጃ 8፦ ጨርቁን አቅኑ

ዳር ከዳር አጋጥማችሁ እጠፉ፣ ከፍ አድርጋችሁ ያዙት። እጥፋቱን ተመልከቱ። ከተጣመመ አንደኛውን ዳር ወደ ግራ ወይም ወደ ቀኝ ጥቂት አንሸራትቱ፣ እጥፋቱ ቀጥ ብሎ እስኪወርድ ድረስ። የተቆረጡት ጫፎች ላይገናኙ ይችላሉ። አትጨነቁ። ለእኛ የሚያስፈልገን እጥፋቱ ነው።

መቁረጫ ምንጣፉ (ምላጭ የሚቆረጥበት ባለ መስመር ሰሌዳ) ላይ አስተኙት፣ እጥፋቱ ወደ እናንተ ይሁን። የማስመሪያውን አንድ አግድም መስመር እጥፋቱ ላይ አስቀምጡ። ጫፉን በቀጭኑ ከርክማችሁ ጣሉ። ይህ አዲሱ ጠርዝ የሁሉም ልክ መነሻ ነው።

ደረጃ 9፦ ቁረጡ

ቅደም ተከተሉ ትልቅ ወደ ትንሽ ነው። መጀመሪያ ክፈፍ፣ ቀጥሎ ጠርዝ፣ ከዚያ ጥብጣብ፣ በመጨረሻ ካሬ። ካሬውን ያስቀደመ ሰው ለክፈፉ ረጅም ጨርቅ ያጣል።

በክብ ምላጭ (እየተንከባለለ በሚቆርጥ ባለ እጀታ ምላጭ) ስትቆርጡ፦

1. ቁሙ። ተቀምጦ መቁረጥ እጅን ያዛንፋል።
2. በማስመሪያው ልኩን ያዙ፣ በምንጣፉ መስመሮች አይደለም። አንዴ አንዱን አንዴ ሌላውን መጠቀም የሚሊሜትር ልዩነት ያመጣል።
3. የማስመሪያው መስመር በጨርቁ ጠርዝ ላይ በትክክል ይረፍ። ካለፈ ወይም ካነሰ አትቁረጡ፣ አስተካክሉ።
4. መዳፋችሁን ማስመሪያው ላይ ጫኑ፣ ጣቶቻችሁ ከጠርዙ ይራቁ።
5. ምላጩን ከእናንተ ወደ ፊት ግፉ። አንድ ጊዜ፣ ሳትቆራርጡ።
6. ባስቀመጣችሁት ቁጥር ምላጩን ዝጉት። ለአንድ ሰከንድም ቢሆን።

ከአራት ድርብ በላይ አትቁረጡ። የታችኛው ይንሸራተታል፣ እናንተ አታዩትም።

የመጀመሪያውን ጥብጣብ እንደቆረጣችሁ ዘርጉት። እጥፋቱ የነበረበት ቦታ ላይ ተመልከቱ። ቀጥ ካለ ቀጥሉ። እንደ ተዘረጋ ክንፍ መሃሉ ላይ ከታጠፈ ጨርቁ በትክክል አልቀናም፤ ወደ ደረጃ 8 ተመለሱ። ቢሳካም በየሦስት ጥብጣቡ ጠርዙን እንደገና አቅኑ።

ክብ ምላጭ ከሌላችሁ

በመቀስም ያምራል፤ ትዕግሥት ብቻ ይጠይቃል። ከጠንካራ ካርቶን 11.5 በ11.5 ልክ አውጡ፤ ማዕዘኑን በመጽሐፍ ጥግ አረጋግጡ። ጨርቁን በግልባጩ አስተኙ፣ በቀጭን በተቀረጸ እርሳስ ወይም በሰላ ሳሙና አስምሩ። ስትቆርጡ ከመስመሩ ውስጠኛ በኩል ሂዱ፤ መስመሩ ከቁራጩ ጋር አይቅር። የመስመሩ ውፍረት በአራቱም ጎን ሲደመር ቀላል አይደለም። የካርቶኑ ጥግ ሲለሰልስ አዲስ ሥሩ። ጎኖቹም ሁልጊዜ ከድሩና ከማጉ ጋር ይሂዱ።

ደረጃ 10፦ ሁሉንም ሳትቆርጡ ፈትኑ

ሦስት ካሬ ቁረጡ። በተርታ ስፏቸው፣ ተኩሱ፣ ለኩ። ጠቅላላው 31.5፣ የመሃሉ ካሬ በትክክል 10 ሴ.ሜ መሆን አለበት።

- የመሃሉ ከ10 ካነሰ ስፌታችሁ ሰፍቷል፤ መርፌውን ወደ ጠርዙ አቅርቡ።
- ከ10 ከበለጠ ስፌቱ ጠቧል።
- ልኩ ደህና ሆኖ ጎኑ ከተጣመመ ካሬው ራሱ አልቀናም።

ይህ ፈተና አሥር ደቂቃ አይፈጅም። እያንዳንዱ ካሬ 1 ሚ.ሜ ብቻ ቢበልጥ 16ቱ ላይ 1.6 ሴ.ሜ ይሆናል፤ አንዱ ረድፍ ከሌላው ጋር አልገጥም የሚለው እንዲህ ሲጠራቀም ነው።

የቆረጣችሁትን በአሥር በአሥር እየቆለላችሁ በስፒል ያዙ፣ ልኩንና ብዛቱን በወረቀት ጻፉበት። 11.5 እና 13 ሴ.ሜ ካሬ ጠረጴዛ ላይ ሲቀላቀል በዓይን ቶሎ አይለይም።

ነገር ሲበላሽ

ምላጩ ክር እየዘለለ ካስቸገረ፦ ሁልጊዜ በእኩል ርቀት የሚዘል ከሆነ ምላጩ ጥርስ አውጥቷል፣ ቀይሩት። በአንድ ቦታ ብቻ ከሆነ ምንጣፉ ተቦርቡሯል፣ ቦታ ለውጡ። ደንዛዛ ምላጭን በጉልበት መጫን ማስመሪያውን ያንሸራትታል፤ ጣትም የሚቆረጠው ያኔ ነው።

ምንጣፉ ከተጣመመ፦ ሙቀት ነክቶታል። ፀሐይ ላይ አትተዉት፣ ካውያም አታስቀምጡበት። የተጣመመ ምንጣፍ ላይ ቀጥ ያለ ቆረጣ አይኖርም።

ጥቂት ካሬዎች ትንሽ አንሰው ከተቆረጡ፦ እስከ 1 ሚ.ሜ ካነሱ ተጠቀሙባቸው፣ ስፌቱን በሚጎድለው ጎን ጠበብ አድርጉ። ከዚያ ካነሱ ለይታችሁ ለሌላ ሥራ አስቀምጡ። በጉልበት ለጥጦ ማስገባት ኩዊልቱን ያሳብጠዋል።

ሁሉም አንሰው ከተቆረጡ፦ ተስፋ አትቁረጡ፤ ከእያንዳንዱ ጋር አትታገሉም። 11.5 ፈንታ 11 ከቆረጣችሁ ያለቀው ካሬ 9.5 ይሆናል። መሃሉ 114 በ152 ይሆናል ማለት ነው። ክፈፉን በ3 ሴ.ሜ ብታሰፉት ስፋቱ ወደ 150 ይመለሳል፣ ቁመቱም 188 ይደርሳል። ክፈፉን አስቀድማችሁ ቆርጣችሁት ከሆነ ኩዊልቱ በጥቂቱ ያንሳል፤ የቀረው ሥራ አይለወጥም። ዋናው ሁሉም እኩል መሆናቸው ነው።

ጨርቁ ከጎደለ፦ ያው ጨርቅ ካልተገኘ የጎደለውን በአንድ ጥግ አትሰብስቡት። ተመሳሳይ ድምቀት ያለው ሌላ ጨርቅ ፈልጉና በመላው ኩዊልት በትኑት። 16ቱን የጠቆሩ ካሬዎች እኔ እንዲሁ ነው ያዳንኳቸው፤ በየረድፉ አንድ አንድ አስገባሁ። ከመስፋታችሁ በፊት ግን ሁሉንም ወለል ላይ ደርድሩና ከሩቅ እዩት።